ባለ ዝምድናው መምህር ሷሊህ

በየከተማው ትምህርት የማያልቅለት አንድ ሰው አይጠፋም። እብድ የሌለው ከተማ ይኖራል። ነገረኛ የሌለው ከተማም፣ በብርቱ ከተፈለገ፣ የሆነ አገር ላይ ይገኝ ይሆናል። ጺሙ ሸብቶ ደብተሩ ያልሸበተ ሰው የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አልታየም። እኩዮቹ ተምረው፣ ተሹመው፣ ተሽረው፣ ልጅ ድረው ሲያበቁ እሱ ገና «ዘንድሮ እንኳ አንድ አዲስ ነገር ጀምሬያለሁ» ይላል። ሰዉ ያዝንለታል። እሱ ደግሞ ለሰዉ ያዝናል።

ለመካነ ሰላም የደረሳት መምህር ሷሊህ ጀብሪል ነበር። ጎረቤቱ አቶ ክንፈ፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በአጥር ላይ ሲጠራው ማዕረጉን አያጓድልበትም፦

«ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ሼህ መሪጌታ መምህር ሷሊህ፣ የደንቆሮ ጫካ ብርሃን! እንዴት አመሸህ?»

ደንቆሮ እንግዲህ ከከተማዋ ወዲያ ያለው ደን ስም ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ አቶ ክንፈ ግን ለዚህ ቀልድ ሲባል የወጣ ይመስለው ነበር። መምህር ሷሊህ አይቀየምም። «አልሐምዱሊላህ፣ ጋሽ ክንፈ» ይልና በአጥሩ ላይ ደገፍ ብሎ ስለ ጫካው ስም አመጣጥ፣ ከስሙ ወደ ዛፎቹ፣ ከዛፎቹ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ጥንት ነገሥታት የዘመቻ ወራት ይሻገራል። አቶ ክንፈ «ዝናብና ንጉሥ ምን አገናኛቸው?» ካለ ያልቅለታል። ሷሊህ ጣቱን ቀስሮ ያቺን የታወቀች ቃሉን ይናገራል፦

«ዝምድና አላቸው!»

አቶ ክንፈ በዚህ በኩል ሌላ ሃይማኖት ነበረው። ደሴ ላይ ስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ተምሮ፣ በዚያችው ስድስት ወር ሃያ ዓመት እንጀራውን የበላ ሰው ነው። አንድ ሰው አንድ ሙያ ይበቃዋል ባይ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ መምህራችን ስድስት ተክሎ በአንዱም አልተንጠለጠለም» እያለ በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ባለጉዳይ ያስቃል።

የሷሊህ ነገር የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው ይላሉ። አባቱ ሼህ ጀብሪል ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማለትም የሚያስተምሩ፣ አገር የሚያከብራቸው አዋቂ ናቸው። ልጁ ቁርኣኑን ጨርሶ ነህው የሚባለውን የዐረብኛ ሰዋስው እንደ ጀመረ፣ አንድ ቀን ዕቃ እንዲያደርስ ተልኮ በመሪጌታ አባተ ቅኔ ቤት በኩል አለፈ። ተማሪዎቹ «ባለቤቱ የቱ ነው? ማሰሪያውስ? ዘርፉስ?» እየተባባሉ ሲፋጠጡ ሰማ። ቆመ። ዕቃውን ማድረሱን ረሳ። ቤቱ ሲመለስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «አባባ፣ መሪጌታም ነህው ያስቀራሉ!» አለ።

ሼህ ጀብሪል ጥቂት አሰቡ። «ዕውቀት፣ ኢልም ከሆነ ሂድና ቅራ» አሉት። «ጠላውን ግን አደራ።»

የቅኔ ተማሪ እንደምታውቁት የሚበላው ለምኖ ነው። ሷሊህም ከባልንጀሮቹ ላለመለየት አኮፋዳውን አንግቦ ወጣ፤ ልመናውን ግን በእስላም ቤቶች በር ላይ አደረገው። አንደበቱ የያዘው የተማሪ ልመና ደግሞ አንድ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብሎ ባልቴቷ እመት መድና በር ላይ ሲጮህ፣ እመት መድና ወጥተው አዩት፣ የሼሁ ልጅ መሆኑን ለዩት፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሁለት ቁራሽ አመጡለት። ለምን ሁለት እንደሆነ ሲጠየቁ «ማርያምን ይዞ የመጣን የሼህ ልጅ በአንድ ብሸኘው ሁለቱም ይታዘቡኛል» አሉ።

ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው መካነ ሰላም አስተማሪ። የሰጡት የሒሳብ ክፍል ነበር። ክፍልፋይ ለማስተማር ግን አቋራጭ አገኘሁ ብሎ የእስልምናን የውርስ ሕግ ሰሌዳ ላይ አወጣው። «አንድ ሰው ሃያ አራት በግ፣ አንድ ሚስት፣ አንዲት እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ሞተ። ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ፣ የቀረው የልጅ። ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» የክፍሉ ሰነፍ የተባለው ሁሉ በአንድ ሳምንት ክፍልፋይ ዐወቀ። መዘዙ የመጣው በየቤቱ ነው። አቶ ክንፈ አንድ ቀን ወገቡን አሞት ጋደም እንዳለ ልጁ ይታይሽ ራስጌው ቁጭ ብላ «አባዬ ብትሞት እኮ ለእማዬ ሦስት በግ፣ ለአያቴ አራት በግ ይደርሳቸዋል» አለችው። አቶ ክንፈ እንኳን በግ አንዲት ዶሮ አልነበረውም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደ። «ይሄ ሒሳብ ነው ሃይማኖት?» ብሎ ጠየቀ።

«ዝምድና አላቸው፣ ጋሽ ክንፈ።»

«ልጄ ቀበረችኝ እኮ!»

«መልሱን ግን አልሳተችም» አለ ሷሊህ ደስ ብሎት። አቶ ክንፈ ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ ከዚህች መልስ በኋላ ቁጣው ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት። ከልቡ ግን ኮርቶባት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት ሷሊህ ይወጣል። መኪና በማይገባበት ጭቃ እስከ አቀስታ በበቅሎ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፤ የክረምት ተማሪ ነዋ። አንዱን ክረምት ታሪክ፣ ሌላውን ሕግ፣ ሌላውን ስለ አፈርና ስለ ሣር ሳይቀር ይማራል። ዘጠኝ ክረምት እንዲህ ተመላልሶ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ መጣ። የሚያውቁት ሁሉ «እንግዲህ አረፈ» አሉ። እሱ መስከረም ሳይጠባ «ሁለተኛ ዲግሪ የሚባል አለ» ብሎ መፈለግ ጀመረ።

ባለቤቱ ዓሊማ ነገር የሚያምርላት ሴት ናት። ጎረቤት ሊያጽናናት ቢመጣ «ሌላው ሰው ሚስት ላይ ሚስት ያገባል፤ የኔው ትምህርት ላይ ትምህርት ያገባል» አለች። «ዐረብኛ፣ ግዕዝ፣ ታሪክ፣ ሕግ፤ አራት ሞላ። ከዚህ በላይ በሸሪዓም አይፈቀድም።»

እስከዚህ ድረስ ያለው የሳቅ ነው፤ አቶ ክንፈም እስከዚህ ድረስ ስቋል። ሳቁን ያስቆመው የምንጩ ጉዳይ ነው።

ፈንታውና ሱሌማን የሚባሉ ሁለት ገበሬዎች በድንበራቸው መካከል ባለ ምንጭ ተካሰው ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ፈንታው ክርስቲያን፣ ሱሌማን እስላም ነው፤ ሁለቱም ግን «የአያቴ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ማስረጃ የላቸውም። በሦስተኛው ዓመት መሪጌታ አባተ ከደብራቸው አንድ የብራና ወንጌል አምጥተው ዳኛው ፊት ዘረጉ። ከኅዳጉ፣ ከገጹ ዳር፣ ላይ ስለ ምንጩ የተጻፈ ነበር። የግዕዙን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡት፦ ምንጩን የሁለቱ ሰዎች ቅድመ አያቶች አብረው ቆፈሩት፤ «ውኃውስ» ይልና ግዕዙ ያቆማል። ቀጥሎ በዐረብ ፊደል የተጻፉ ሦስት ቃላት አሉ። እነሱን መሪጌታ አያነቡም።

ሼህ ጀብሪል ተጠሩ። መነጽራቸውን ሰክተው ብዙ ቆዩ። አንደኛው ቃል ዐረብኛ አልሆን አላቸው፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። የመካከለኛውን ግን ለዩት። «‹የርመድ› ይላል። ዓይኑ ይታመማል ማለት ነው። እንግዲህ ውኃው ለዓይን ሕመም የሚበጅ ቢሆን ነው፣ ወላሁ አዕለም፤ አላህ ያውቃል» አሉ።

ይህን ጊዜ ነገሩ ባሰ። የፈንታው ወገኖች «የሚፈውስ ውኃ ከሆነማ ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ። የሱሌማን ወገኖች «የኛ ሼህ አንብበው ለናንተ ሊሆን!» ብለው ተነሡ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ። አቶ ክንፈ የጽሕፈት መኪናውን በሁለት እጁ አቅፎ ያዘ፤ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚወድቀው መኪናው መሆኑን ያውቃል።

ሷሊህ ጠመኔ በእጁ እንዳለ ከክፍሉ ተጠርቶ ገባ። ብራናውን ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ እጅ ነሣ።

«አባባ፣ ይፍቀዱልኝ። ይቺን ነጥብ ለምን ተዉአት?»

«የቷን?»

«ይቺን፣ ከ‹ረ› በላይ ያለችውን።»

«እሷማ የዝንብ ናት። ዝንብ ያረፈበት ነው።»

«የዝንብ ባትሆንስ? በ‹ረ› ላይ ነጥብ ካለ ‹ዘ› ይሆናል። የ፣ ዘ፣ መ፣ ደ።»

«እንዲህ ያለ ቃል በዐረብኛ የለም፣ ልጄ።»

«በዐረብኛ የለም» አለ ሷሊህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአማርኛ ግን አለ። አባባ፣ ይሄ ዐጀም ነው።»

ዐጀም ማለት አማርኛን በዐረብ ፊደል መጻፍ ነው። የወሎ ሼሆች መንዙማቸውን ሲጽፉበት ኖረዋል፤ ሼህ ጀብሪል ራሳቸው ሣጥን ሙሉ ጽፈውበታል። ነገር ግን ወንጌል ላይ፣ ከግዕዝ ቀጥሎ ሲያገኙት፣ እንዲህ ባለ ክቡር ቦታ የተጻፈ ዐረብኛ እንጂ ሌላ አይሆንም ብለው የገዛ አማርኛቸውን አላውቅህም አሉት። ሷሊህ ሦስቱን ቃላት ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ አነበበ፦

«ውኃው የዘመድ ነው።»

ሼህ ጀብሪል መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «የርመድስ እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔን የታመምኩት እኔው ነኝ።» ፈንታውና ሱሌማን አንዱ አንዱን ላለማየት ብዙ ታገሉ፤ በኋላ ተያዩ። ያን ዕለት ውኃው የጋራ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ ፍርዱን በመኪና የጻፈው አቶ ክንፈ ነው። «ዘመድ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ዝግ አሉ። በሃያ ዓመት ሥራው ስንት ሺህ ቃል እንደ መታ እሱም አያውቀው፤ ሰው ሲያስታርቅ ያየው ቃል ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ያን ምሽት በአጥሩ ላይ ሊቀ ሊቃውንትም፣ የደንቆሮ ጫካ ብርሃንም አልተባለም። «ሷሊህ፣ ደህና አመሸህ?» ብቻ አለው።

የሚቀጥለው በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የሆነ ነው። አቶ ክንፈ ከደሴ የመጣ ደብዳቤ ሲከፍት አንድ ማስታወቂያ አገኘ። ቤሩት ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከታሪኩም፣ ከቋንቋውም፣ ከሕጉም፣ ከሌላ ሌላውም ተውጣጥቶ የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ አለ፤ አመልካቾችን አዲስ አበባ ያለ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ዕድሜ ከአርባ ዓመት በታች። አቶ ክንፈ ሁለቴ አነበበው። ይህ ትምህርት ሷሊህን አስቀምጠው ልኩን ወስደው የሰፉት ነበር።

አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ሦስት ቀን እዚያው አቆየው። ምክንያቱን ለራሱ ሲናገር «ሰውየው አርባ ሊሞላው ነው፤ ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ግፍ ነው» አለ። እውነቱ ሌላ ነበር። ሷሊህ ከሄደ አጥሩ አጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማታ ማታ የሚያሾፍበት፣ የሚከራከረው፣ ቤቱ ሲገባም የነገረውን እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣለት ሌላ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ የለውም። በአራተኛው ቀን ግን ያቺ «የዘመድ ነው» የምትል ንባብ ትዝ አለችውና አፈረ። ማስታወቂያውን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ።

ሷሊህ አንብቦ ሲጨርስ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ ላይ ደጋግሞ አራገፈ። የዚያን የምንጩን ብራና ነገር ነበር ሊማር የሚፈልገው። በዚሁ በአካባቢው፣ በቦረናና በሳይንት፣ በከላላም በኩል፣ እንዲህ ያለ ግዕዝና ዐጀም የተቀላቀለበት ብራና ስንት አለ? የተጻፈውን ለማንበብ ሁለት ቋንቋ፣ ለመረዳት ሕግና ታሪክ፣ የእርሻውን ነገር ለማወቅ ደግሞ ያ የአፈሩ ትምህርት ሁሉ ያስፈልጋል። አራት ሊቃውንት ቢሰበሰቡ በአንዲት ነጥብ ይጣላሉ። አንድ ሰው አራቱን ቢሆን ግን ይነበባል። አቶ ክንፈ ይህን ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሲገባው ግን የዚያን ቀን ነው።

ማመልከቻውን መሙላት ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆነ። መጀመሪያ ዕድሜ። መሪጌታ አባተ ዓመቱን ቆጥረው ሠላሳ ዘጠኝ አሉ። ሼህ ጀብሪል በሒጅራ ቆጥረው አርባ አሉ፤ የጨረቃ ዓመት አጭር ነውና ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሷሊህ እውነት እንዳይጎድል ሁለቱንም ካልጻፍኩ ብሎ ያዘ።

«በጨረቃ ሽማግሌ፣ በፀሐይ ወጣት ነኝ ልትላቸው ነው?» አለ አቶ ክንፈ። «ወላሂ አልጽፈውም!» አቶ ክንፈ ክርስቲያን ነው፤ ሲናደድ ግን የሚምለው እንደ አገሩ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ብሎ መታው።

ቀጥሎ የምስክሮች ፊርማ ነበር። ሁለቱ አዛውንት በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ትምህርቱ ምን እንደሆነ ይብራራልን አሉ። ሷሊህ «ታሪክን ከሕግ፣ ሕግን ከቋንቋ ማጋባት ነው፤ ሁሉም ዝምድና አላቸው» ብሎ አስረዳ።

መሪጌታ አባተ ብዕሩን አስቀመጡት። «ዝምድና ካላቸው እንዴት ይጋባሉ? እስከ ሰባት ቤት ቆጥረሃል?»

ሷሊህ ሰባቱን ቤት በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሼህ ጀብሪል ግን ብዕሩን አንሥተው «በእኛ በኩል የአጎት ልጅ ይፈቀዳል» አሉና ፈረሙ። «ይጋቡ።» መሪጌታም ሰርግ ላይ የሚያኮርፍ ሽማግሌ መባልን ስላልወደዱ ፈረሙ።

የቀረችው አንዲት መሥመር ነበረች፦ «የትምህርት ዘርፍ (አንድ ብቻ ይጻፉ)»።

«ታሪክ በል» አለ አቶ ክንፈ።

«ውሸት ይሆናል።»

«እሺ፣ ሕግ በል።»

«እሱም ውሸት ነው። ጋሽ ክንፈ፣ ዘርፍ እኮ ብቻውን አይቆምም። ቅኔ ቤት ብትጠይቁ ዘርፍ የሌላ ስም ጥገኛ ነው። ሸማኔ ቤት ብትጠይቁ የኩታው ጫፍ ነው። ሰዎቹ ጫፉን ጠየቁኝ፤ ኩታውስ የት ሄደ?»

«ኩታውን ቤሩት ትሸምነዋለህ! አሁን ጫፉን ስጠኝ!»

«ላስብበት» አለ ሷሊህ። ማሰቡን እንደ ጀመረ ግን ከላላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሁለት ፊደል የተጻፈበት ብራና አላቸው የሚል ወሬ ደረሰው። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። «ሐሙስ ሳይደርስ እመለሳለሁ፤ ያቺን መሥመር ያን ጊዜ እሞላታለሁ» ብሎ በቅሎ ላይ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ሺፋ የሚባለው ሾፌር ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ደሴ ይወርዳል፤ ማመልከቻው በዚያ መኪና ካልሄደ ቀኑ ያልፋል። ረቡዕ ያለ ወቅቱ ሲዘንብ ዋለ። ወንዙ ሞላ። ሷሊህ አልመጣም።

ሐሙስ ጠዋት ሺፋ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። አቶ ክንፈ ወረቀቱን በጽሕፈት መኪናው ላይ እንደ ሰካ ተቀምጦ ነበር። ባዶውን ቢልከው ይጣላል፤ ሷሊህም ይቀራል፤ ማንም ክንፈን አይወቅስም። «ታሪክ» ብሎ ቢመታው ጥሩ ወረቀት ይሆናል፤ ቤሩት የሚሄደው ግን ሌላ ሰው ነው። ሺፋ ደግሞ ነፋ።

«ጋሽ ክንፈ! መንገዱ ሳይበላሽ ልውጣ እንጂ!»

«አንዴ ታገሠኝ!»

ሷሊህ እንዲቀርለት ይፈልግ ነበር። እንደዚያን ጠዋት ሰው እንዲቀርለት ፈልጎ አያውቅም። ጣቱን አነሣና አራት ፊደል መታ፦ ዝ፣ ም፣ ድ፣ ና። ወረቀቱን መንጭቆ አውጥቶ ለሺፋ ሰጠው፤ መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋም በረንዳው ላይ ቆመ።

ሷሊህ በሁለተኛው ቀን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። የከላላው ብራና የበቅሎ ሽያጭ ውል ሆኖ ተገኘ፤ ያውም በአንድ ፊደል ብቻ። አቶ ክንፈ ያደረገውን ነገረው።

«ዝምድና ብለው ጻፉ?»

«ጻፍኩ።»

«እንዲህ የሚባል ትምህርት እኮ የለም፣ ጋሽ ክንፈ።»

«እስካሁን አልነበረም» አለ አቶ ክንፈ፣ ወደ ሌላ ጎን እያየ።

በሁለተኛው ወር መልስ መጣ። «‹ዝምድና› የተባለው የትምህርት ዘርፍ በኮሚቴው ዘንድ የማይታወቅ ስለሆነ፣ አመልካቹ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ» ይላል። ሷሊህን ስለ ዝምድና አስረዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኮሚቴው አላወቀም። ሩብ ሰዓት ሰጡት፤ ሦስት ሰዓት ያዛቸው። አንደኛው ሰውዬ ምሳው እንዳለፈበት በኋላ ነው ያስታወሰው ይባላል። ይህን የነገረን ራሱ ሷሊህ ስለሆነ ጥቂት ቀነስ አድርጎ መቀበል ነው፤ ማለፉ ግን እውነት ነው።

የሚሄድ ዕለት ዓሊማ በሶውን ቋጥራ ሰጠችው። «አራት ሞልቷል ብዬህ ነበር» አለችው። «አምስተኛዋን ከባሕር ማዶ አመጣህብኝ።» ከዚያ ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላም ሂድ ያለችው እሷው ናት። አቶ ክንፈ ማዕረጉን በሙሉ ጠርቶ ሊሸኘው ቀን ሙሉ ሲለማመድ ውሎ፣ መኪናው ሲነሣ «አብሽር» ብቻ አለው፤ አይዞህ ማለት ነው።

በስድስተኛው ወር ለአቶ ክንፈ ከቤሩት ደብዳቤ መጣለት። ከፈተው። ከዳር እስከ ዳር የዐረብ ፊደል ነው። መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ገባው። ዐረብኛ አይሆንም፣ ዐጀም ነው፤ ያ ሰው እዚያም ሆኖ እያስተማረው ነው። ሼህ ጀብሪል «ላንብብልህ?» ቢሉት «የለም፣ ለኔ የተጻፈ ነው» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ እሳቸው ዘንድ ሄዶ፣ አዲስ ሉሕ የተባለውን የመጻፊያ ጣውላ በጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከደረሶቹ፣ ከቁርኣን ተማሪዎቹ፣ ኋላ ተቀመጠ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

«አብሽር» አሉት ሼሁ። «አሊፍ ሽማግሌና ልጅ አይለይም።»

ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ሳቁ ሌላ ሆነ። «ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ደረሳ ክንፈ!» ይሉታል ባለጉዳዮቹ። ይታይሽም ፊደሉን ከእሱ ሉሕ ቀድማው ይዛ ማታ ማታ እያስጠናችው «አባዬ፣ ይሄንንማ ትናንት ነግሬህ ነበር» ትለዋለች። እሱ አይቀየምም። ሁለት ባላ ስለ መትከልም ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ደብዳቤውን አጥሩ አጠገብ ዘረጋው። በመጀመሪያዋ ቃል ላይ ጣቱን አኖረ፤ አራት ፊደል ናት። ፊደል በፊደል ሄደባት፤ «ረመዴ» ሆነችበት። የዓይን ሕመሜ ማለት ነው። እንዲህማ ብሎ ደብዳቤ የሚጀምር የለም። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አቀናው፤ ከመጀመሪያዋ ፊደል በላይ አንዲት ጥቁር ነገር አለች። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረጋት። አልለቅ አለችው።

የዝንብ አይደለችም።

«ዘመዴ» አለ አቶ ክንፈ ጮክ ብሎ፣ አጥሩን እያየ።